ካርዱ አልተቃጠለም

የፈተናና የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን በደረሰ ቁጥር በግቢያችን ውስጥ አንድ በሽታ ይነሣል። በሽታው የሚይዘው ላፕቶፑን ነው፤ መድኃኒቱም ለሁሉም አንድ ነው፤ «ፎርማት አድርገው» ይባላል። ላፕቶፑ ቢዘገይ ፎርማት፤ ድምፁ ቢጠፋ ፎርማት፤ ቫይረስ ቢገባበት ፎርማት፤ ዋይፋይ አልይዝ ቢል ያው ፎርማት። ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም አንድ ሥር ቀጥቅጦ የሚያጠጣውን የመንደር መድኃኒተኛ ስናማ ያደግን ሁሉ፤ ዛሬ ላፕቶፓችንን ታቅፈን በወንድሙ ደጃፍ ተሰልፈናል።

እኛ ፎርማት ፈጽሞ አይደረግ አንልም። ዊንዶውሱ ከመነሻው አልነሣ ያለ እንደሆነ ወይም ቫይረሱ አልነቀል ብሎ የከረመ እንደሆነ፤ ሌላ መንገድ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የምናነሣው ነገር ሌላ ነው። ይኸውም በላፕቶፓችን ውስጥ ምን እንዳለ ሳናውቅ ማስጠረጋችን፤ ከተጠረገም በኋላ ስክሪኑ የሚያመጣውን ጣጣ ለማንኛውም ሰው ፍርድ አሳልፈን መስጠታችን ነው።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንዲት የአምስተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ እኅታችን ፕሮጀክቷን ልታስረክብ ጥቂት ቀን ሲቀራት ላፕቶፗ ዘገየባት። ላፕቶፑን ዱባይ ሠርታ የምታድር ታላቅ እኅቷ የላከችላት ነው። ከግቢው በር ወጣ ብሎ ካለ አንድ ሱቅ ወሰደችው። ባለሱቁም «ፎርማት ይፈልጋል፤ ፋይልሽ የት ነው?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም «ዴስክቶፕ ላይ ነው» አለችው። ዴስክቶፕ ማለት በሲ ዲስክ ውስጥ ያለ አንድ ፎልደር እንጂ ለብቻው የተቀመጠ ቦታ እንዳልሆነ እርሷ አላወቀችም፤ እርሱም አልነገራት። ሲ ተጠረገ። የጽሑፏ ሦስተኛ ምዕራፍም አብሮ ተጠረገ።

ማታ ዶርም ገብታ ስትከፍተው ፊደሉ ሁሉ የልጆች ፊደል ገበታ አክሏል። ብርሃኑን ቀንሺ ብትለው አይቀንስም። ፕሮጀክተር ብትሰካበት አያውቀውም። ሕንፃዋን የሣለችበት ፕሮግራም ገና ሲከፈት ይዘጋል። በማግስቱ ወደ ሁለተኛ ሱቅ ሄደች።

«እኅቴ፤ ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል» አላት።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይኼ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይለወጥም። ከፈለግሽ እንዳለ ልውሰደውና የሆነች ነገር ልስጥሽ።»

ልትሸጠው ደርሳ ነበር። ያዳናት ነገር ቢኖር ባለሱቁ ያቀረበላት ዋጋ በጣም ከማነሱ የተነሣ እኅቷን ምን እላታለሁ ብላ ማፈሯ ነው። ላፕቶፑን ይዛ ስትመለስ ከእኛ አንዱ ካፌ በር ላይ አገኛት፤ ነገሩም በዚህ ምክንያት ከእኛ ዘንድ ደረሰ።

እኛ ሊቃውንት አይደለንም። ከሦስታችን ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በክፍል ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተማረም። ያወቅነውን ያወቅነው በራሳችን ላፕቶፖች ላይ ተሳስተን ነው። ቢሆንም የዚያችን ላፕቶፕ ስክሪን ባየን ጊዜ ካርዱ ለመቃጠሉ ምንም ምልክት አላገኘንም። የተቃጠለ ካርድ ብዙ ጊዜ ገና ዊንዶውስ ሳይነሣ፤ የፋብሪካው ዓርማ በሚታይበት ሰዓት፤ መስመርና ነጠብጣብ ያሳያል። የእርሷ ግን ዓርማው ጥርት ብሎ ወጣ። ለነገሩ ሁለት ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ይህ ማስረጃ ሁለተኛውን ካርድ ነፃ አያወጣውም፤ ግን ለመሸጥ ከመቸኮል ያድናል።

እንግዲህ ምንድነው የሆነው? ድራይቨር የሚባለው ነገር በኦፕሬቲንግ ሲስተሙና በካርዱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስ የካርዱን ቋንቋ አያውቅም፤ ካርዱም የዊንዶውስን አያውቅም። ፎርማት ሲደረግ አስተርጓሚውም አብሮ ይባረራል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ከጨለማ ይሻላል ብሎ የራሱን ጊዜያዊ ሠራተኛ ያስቀምጣል፤ ስሙም ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ይባላል። ይህ ሠራተኛ የሚያውቀው በምልክት መነጋገር ብቻ ነው። ሥዕሉን ያወጣል እንጂ የካርዱን ጉልበት አይጠቀምም። ብዙ ጊዜ በ1024 በ768 ይቆያል፤ ሁለተኛ ስክሪን አይቀበልም፤ ላፕቶፑን ስሊፕ ማድረግ እንኳ ያቅተዋል። እኅታችን ያየችው ምልክት ሁሉ የዚህ ሠራተኛ ምልክት ነበር። ሁለተኛው ባለሱቅ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ አውቆ፤ እኛ አንፈርድም።

ማንነቱን ለማወቅ የሚፈጀው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ተጭኖ ዲቫይስ ማኔጀርን መክፈት፤ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ በሚለው ሥር ማየት። እዚያ ላይ የቤዚክ ዲስፕሌይ ስም ከተጻፈ ካርዱ ጤነኛ ሆኖ አስተርጓሚ ያጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብቶ ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን መምረጥ ነው። የሚወጣው ረጅም ጽሑፍ ያስፈራል እንጂ የሚያስፈልገን ከውስጡ አራት አራት ምልክት ያላቸው ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው የሠሪውን ቤት፤ ሁለተኛው የካርዱን ዓይነት ይነግራል። 8086 ካለ ኢንቴል ነው፤ 1002 ካለ ኤኤምዲ ነው፤ 10ዲኢ ካለ ኢንቪዲያ ነው። (8086 የሚለው ኢንቴል በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮሰሰር ስም ነው፤ ቤቱ ስሙን አልረሳም።) ይህን ቁጥር የያዘ ሰው በማንም ሱቅ በር ላይ ዐይኑን ጨፍኖ አይቆምም።

የስሕተት ቁጥሩም እንደዚሁ ይናገራል። ኮድ 28 ካለ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። ኮድ 43 ካለ ግን ዕቃው ራሱ ችግር አለብኝ ብሎ ስላመለከተ ዊንዶውስ አቁሞታል ማለት ነው። ይኼኛው የድራይቨርም የካርድም ጥፋት ሊሆን ስለሚችል መጠንቀቅ ያሻል፤ የቀድሞውን ድራይቨር በደንብ ነቅሎ፤ ለላፕቶፑ ሞዴል የተመደበውን ጭኖ ካላዩ በስተቀር ተቃጥሏል ማለት ቸኩሎ መፍረድ ነው።

የእኅታችን ላፕቶፕ ሁለት ካርድ ነበረው፤ አንዱ ኢንቴል፤ ሁለተኛው ኢንቪዲያ። እንደዚህ ባሉት ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ስክሪኑ የሚታሰረው ከኢንቴሉ ጋር ነው፤ ኢንቪዲያው ሥራውን ሠርቶ ሥዕሉን በኢንቴሉ በኩል ያስተላልፋል። ስለዚህ ኢንቴሉን ሳያስተካክሉ ኢንቪዲያውን ቀድሞ መጫን በር ሳይሠሩ ቁልፍ መግዛት ይሆናል። ብዙዎቻችን ግን ስሙ ትልቅ ስለሆነ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ኢንቪዲያው ነው።

ታዲያ ዊንዶውስ ራሱ በኢንተርኔት ፈልጎ አይጭነውም ነበር ወይ? ይጭነው ነበር። ነገር ግን ከፎርማቱ በኋላ የዋይፋዩም ድራይቨር አብሮ ጠፍቶ ነበር፤ ይባስ ብሎ የመጀመሪያው ባለሱቅ «ዳታሽን እንዳይበላብሽ» ብሎ የዊንዶውስ አፕዴትን ዘግቶታል። ለደንበኛው ማሰቡ ነው፤ መቼም ዳታ ውድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ ድራይቨሩ የሚመጣበት መንገድ በዚሁ ተዘጋ። እኛ ያደረግነው ነገር ቢኖር አፕዴቱን መልሰን ከፈትን፤ የአንዳችንን ስልክ በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘንና ከስልኩ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አበራን። በገመድ የመጣ ኢንተርኔት የዋይፋይ ድራይቨር አይጠይቅም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። እኅታችን «አበላሻችሁት!» ብላ ጮኸች። ተመልሶ ሲበራ ፊደሎቹ ወደ ልካቸው ተመልሰው ነበር። የኢንቪዲያውን ደግሞ ከላፕቶፑ ፋብሪካ ገጽ ላይ በሞዴሉ ቁጥር ፈልገን በማግስቱ ሌሊት በላይብረሪ ዋይፋይ አወረድነው። በስልክ ዳታ አልሞከርነውም፤ የዛሬ ዘመን የኢንቪዲያ ድራይቨር ብቻውን ከ500 ሜጋባይት ይበልጣል፤ የድሮውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሕንፃዋ ተከፈተ። ሦስተኛው ምዕራፍ ግን አልተመለሰም፤ ሦስት ሌሊት ተቀምጣ እንደ አዲስ ጻፈችው።

ከዚህ በፊት አንድ ቀላል ነገር ተደርጎ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ። በዊንዶውስ 10ም በ11ም ውስጥ ፒኤንፒዩቲል የሚባል መሣሪያ አለ፤ በኮማንድ መስኮት አንድ መስመር ቢጽፉለት በኋላ የተጫኑትን ድራይቨሮች ሁሉ አውጥቶ በፍላሽ ላይ ያኖራል። ከፎርማት በኋላ በዲቫይስ ማኔጀር አፕዴት ድራይቨር ብሎ ያንን ፎልደር ማሳየት ነው። ኢንተርኔትም ሱቅም አያስፈልግም። እኛ ግን ድራይቨር የምንፈልገው ከተጠረገ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ኡቡንቱ የሚጭኑትም ወንድሞቻችን ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደሉም። የኢንቪዲያ ካርድ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ገና ሲነሣ ጥቁር ስክሪን ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ በመነሻው መስመር ላይ ኖሞድሴት የሚለውን ቃል ጨምሮ ማስነሣት ድራይቨሩ እስኪጫን ድረስ ያሳድራል። ሌላው ሴኪዩር ቡት ነው። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ያስጽፋል፤ ሲነሣ ደግሞ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ለጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። ብዙዎቻችን ምን እንደሆነ ስለማናውቅ እናልፈዋለን፤ ከዚያ በኋላ ፊርማው ያልታወቀለት ድራይቨር በር ላይ ቀርቶ «ኡቡንቱ አይረባም» የሚል ወሬ በዶርሙ ይዞራል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዘዴው ነው። ከዘዴው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ዕውቀቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ባለሱቁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እርሱ የሚበላው ከዚህ ነው። እኛስ? በእያንዳንዱ ብሎክ ይህን ሥራ የሚያውቅ አንድ ወይም ሁለት ልጅ አይጠፋም። ሲሠራ ግን ስክሪኑን ወደ ራሱ አዙሮ ነው። ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ «ቀላል ነገር ነው» ብሎ ይስቃል። የሚቀጥለው ሰሞን ያው ልጅ ያንኑ ላፕቶፕ ይዞ ይመለሳል። በግቢ ውስጥ ሌላ ሱቅ ከፍተናል ማለት ነው፤ የሚለየው ግብር አለመክፈላችን ብቻ ነው።

ስለ ድራይቨር በዩኒቨርሲቲ የተነሣ አንድ የታወቀ ጠብ አለ። በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በአሜሪካ በኤምአይቲ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፤ ለቤቱ የተሰጠው የዜሮክስ ሌዘር ማተሚያ ወረቀት እየያዘ አስቸገረው። ለቀድሞው ማተሚያ ወረቀት በያዘ ቁጥር ለሰዎቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ፕሮግራሙን አሻሽሎት ነበር። ለአዲሱም እንዲሁ ላድርግ ቢል የፕሮግራሙ ምንጭ አልተሰጠም። ምንጩ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ አንድ ሰው እጅ መኖሩን ሰምቶ ሄዶ ጠየቀ። ሰውየውም ለማንም እንዳልሰጥ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ከለከለው። የዩኒቨርሲቲ ሰው የዩኒቨርሲቲን ሰው ከለከለ። ስቶልማን በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የሚባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት መነሣቱን ሲያስታውቅ ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ይህ እንደነበረ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

የግራፊክስ ካርዱም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ኑቮ የሚባለውን የሊኑክስ ድራይቨር የሠሩት ሰዎች ኢንቪዲያ የካርዶቹን አሠራር ስላልገለጸላቸው፤ ካርዱ ሲሠራ እየተመለከቱ ቋንቋውን በጆሮ እንደሚማር ሰው ለቅመው ነው የጻፉት። በ2010 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተቀላቀለ። ኩባንያው በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. የከርነል ሞጁሎቹን ምንጭ ገለጠ፤ የሚያገለግለው ግን ከ2018 ወዲህ ለወጡት ካርዶች ነው። በእኛ ዶርም ውስጥ እንዲህ ያለ ካርድ ያለው ስንት ሰው ነው? እኛ የምንይዘው ሌላ አገር ተሠርቶበት፤ ሰልችቶ፤ በዘመድ ሻንጣ የገባውን ነው። ፌርሚ በሚል ስም በ2010 የወጡት ካርዶች አዲስ ድራይቨር ማግኘት ያቆሙት በ2018 ነው፤ ከእነርሱ ቀጥለው የመጡት የላፕቶፕ ኬፕለሮች ደግሞ በ2019። ላፕቶፑ ይሠራል፤ ሠሪው ግን ረስቶታል። ስለዚህ ለእኛ የመጨረሻው ድራይቨር ፋይል እንደ ርስት ወረቀት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ አንድ ቀን ከሠሪው ገጽ ላይ ቢነሣ ከየት ይመጣል?

ነገሩ አሁን ይብሳል እንጂ አይቀልም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የድሮውን ላፕቶፕ አልቀበልም ይላል። ግማሻችን በጓሮ በር 11ን ለመጫን፤ ግማሻችን ወደ ሊኑክስ ለመሸሽ ማስጠረጋችን አይቀርም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረት የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ ይገዛ፤ በኅብረቱ ቢሮ ይቀመጥ። ላፕቶፑ በደህና ጊዜ የሚሠራለት ተማሪ ሁሉ ድራይቨሮቹን አውጥቶ በሞዴሉ ስም ያኑርበት። ከእርሱ ጋር አንድ ደብተር ይኑር፤ ሞዴሉ፤ ሁለቱ ቁጥሮች፤ የሠራው ድራይቨር፤ ያልሠራውም ጭምር ይጻፍበት። ያልሠራው ከሠራው ይልቅ ይጠቅማል፤ ሌላውን ከሌሊት ልፋት ያድነዋልና።

ይህን ሐሳብ ለአንዳንድ ጓደኞቻችን ስንነግር «የጋራ ዲስክ ማለት የጋራ ቫይረስ ማለት ነው» አሉን። እውነት አላቸው። የግቢያችን ፍላሾች ሁሉ ምን እንደተሸከሙ ማን ይክዳል። ለዚህ ያገኘነው መልስ በዲስኩ ላይ የሚጽፍ አንድ የታወቀ ሰው ብቻ እንዲሆን፤ ከሠሪው ገጽ የወረደ ፋይል ሲመጣም ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ሲግኒቸርስ በሚለው ገጽ የሠሪው ፊርማ መኖሩን አይቶ እንዲቀበል ነው። ፍጹም አይደለም። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ክሊክ» እያሉ በየገጹ ከሚጠሩት፤ ስንዴውን ከእንክርዳድ ጋር አብረው ከሚጭኑት ፕሮግራሞች ግን ይሻላል። «ለዚህ ጊዜ የለንም፤ የምንማረው ሌላ ነው» ያሉንም አሉ። ለእነርሱ የእኅታችንን ሦስት ሌሊት ከማስታወስ በቀር የምንለው የለንም።

ደብተሩን እኛ ጀምረነዋል። የመጀመሪያው ገጽ የእኅታችን ላፕቶፕ ነው፤ እስከዛሬ 14 ሞዴል ተጽፏል፤ በሁለቱ ላይ እስካሁን ስላልሆነልን «አልተቻለም» ብለን ጽፈናል። ዲስኩ ገና አልተገዛም፤ የኅብረቱ ገንዘብ ያዥ በሚመጣው ስብሰባ መልስ እሰጣለሁ ብሏል። እስከዚያው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በዶርማችን እንገኛለን። የሚመጣ ሰው ራሱ ተቀምጦ በራሱ እጅ ይሠራል፤ እኛ ከጀርባው ሆነን እንናገራለን። ቻርጀርና የስልክ ገመድ ይዞ ይምጣ፤ ማራዘሚያ ያለውም ማራዘሚያውን አይርሳ፤ በክፍላችን ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው።